«ለቀቅኩ» የምትል አንድ ቃል፣ 10,140 ዶላር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ ከሥራ ለተቀነሱ ወገኖች ያወጣችሁት አጭር ምክር በጎ ሐሳብ ነበረው። ይሁን እንጂ አንኢምፕሎይመንትን ሁለት ጊዜ «የመንግሥት እርዳታ» ብሎታል። በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ቅጹን ለሚሞሉ ሰዎች በነጻ የምናግዝ ስለሆንን ይህችን ቃል ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ሕጉ ከልክሎት ሳይሆን ቃል አሰናክሎት ነው፤ «እርዳታ» ደግሞ ከእነዚያ ቃላት የመጀመሪያዋ ናት። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንኢምፕሎይመንት ኢንሹራንስ ነው። ከ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ጋር የመጣ፣ ፌዴራሉ ማዕቀፉን አውጥቶ እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ደንብ የሚያስተዳድረው መድን። አረቦኑን የሚከፍለው ቀጣሪው ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ የሚታሰበው በእያንዳንዱ ሠራተኛ ዓመታዊ ደመወዝ የመጀመሪያ 8,500 ዶላር ላይ ነው። በሜሪላንድም በዲሲም በቨርጂኒያም ከሠራተኛው ቼክ ለዚህ ተብሎ የሚቆረጥ ነገር የለም። «የሰው እጅ ማየት አልወድም» ብሎ የሚቀር ኩሩ ሰው የሚተወው የተገባለትን መድን ነው። «ባለቤቱ ያገሬ ልጅ ነው፤ እንዴት ኪሱ እገባለሁ?» የሚልም አይጠፋም። የሚከፈለው ከስቴቱ ፈንድ ነው፤ ባለቤቱ ላይ ሊመጣ የሚችለው በቀጣዮቹ ዓመታት የግብር መጣኔው ከፍ ማለት ነው። ግሪን ካርድ ለሚጠባበቁት ደግሞ፦ ስለ «የመንግሥት ሸክም» (በመንግሥት ድጎማ ይኖራል የተባለን ሰው ግሪን ካርድ ስለሚያስከለክለው «ፐብሊክ ቻርጅ») በ2019ም ሆነ በ2022 የወጡት ደንቦች ይህን ክፍያ ከቁጥር አላስገቡትም፤ በሥራ የተገኘ ነውና።

የት ይመለከታል የሚለው ላይ በየቀኑ የምናየው ስህተት አለ። የሚመለከተው የተሠራበት ስቴት ነው፤ የሚኖሩበት አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖረ ዲሲ መሀል ፓርኪንግ ሲሠራ የነበረ ሰው ለዲሲ ያመለክታል። አሌክሳንድሪያ ኖሮ ቤተስዳ የሠራ ለሜሪላንድ። በተሳሳተው ስቴት የገባ ማመልከቻ «ደመወዝ አልተገኘም» የሚል መልስ ይዞ እስኪመለስ ሦስት አራት ሳምንት ያልፋል፤ የጠፉት ሳምንታት ደግሞ በቂ ምክንያት ካልቀረበ ወደ ኋላ ተመልሰው አይከፈሉም። ማመልከቻው የሚቆጠረው ከገባበት ሳምንት እሑድ ጀምሮ ነውና «የመጨረሻው ቼኬ ይግባና ከዚያ» ብሎ መጠበቅ ኪሳራ ነው። በሁለት ስቴት የሠራ ሰው የሁለቱ ደመወዝ አንድ ላይ እንዲታሰብለት መጠየቅ ይችላል። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሠራ የሚያመለክተው በመጨረሻ ተመድቦ በሠራበት ስቴት ነው። የፌዴራል ደመወዝ በስቴቱ መዝገብ ላይ ስለማይገኝ ግን ኤስኤፍ-8 እና ኤስኤፍ-50 የተባሉትን የመሥሪያ ቤቱን የስንብት ወረቀቶች፣ የዓመቱን የደመወዝ ማስረጃ ደብልዩ-2ንና የቅርብ ቼክ ስተቦችን ከመጀመሪያው አያይዞ ማስገባት ሳምንታት ያተርፋል።

ስንት ይከፈላል? የሚታየው ካመለከቱበት ጊዜ በፊት ከተጠናቀቁት አምስት ሩብ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ አራቱ ናቸው። በማርች 2026 ያመለከተ ሰው የሚታይለት ከኦክቶበር 2024 እስከ ሴፕቴምበር 2025 የሠራው ነው፤ አንድ ወር ዘግይቶ በኤፕሪል ቢያመለክት ደግሞ የ2025 ሙሉ ዓመት ይታይለታል። አዲስ ለመጡ ሰዎች ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በመደበኛው ስሌት ደመወዙ ያልበቃ ሰው የመጨረሻዎቹ አራት ሩብ ዓመታት እንዲታዩለት ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ ሜሪላንድ ከፍተኛውን ሩብ ዓመት ወስዶ ለ24 ያካፍላል፤ ዲሲ ለ26። በሰዓት 18 ዶላር፣ በሳምንት 40 ሰዓት፣ 13 ሳምንት የሠራ ሰው 9,360 ዶላር ያገኛል፤ በሜሪላንድ ስሌት በሳምንት 390፣ በዲሲ ስሌት 360 ይደርሰዋል። ጣሪያው በሜሪላንድ 430፣ በዲሲ 444 ዶላር ነው። ሁለቱም ቢበዛ 26 ሳምንት ይከፍላሉ። ዲሲ የመጀመሪያዋን ሳምንት ሳይከፍል ያሳልፋል፤ ሜሪላንድ እንዲህ ያለ የመጠበቂያ ሳምንት የለውም።

390 በ26 ሲባዛ 10,140 ዶላር ነው። አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ።

በእኛ አነጋገር «ሥራ ለቀቅኩ» ማለት ሁሉንም ይሸፍናል። በፈቃዱ የወጣም፣ የተቀነሰም፣ ሬስቶራንቱ የተዘጋበትም «ከዚያ ሥራ ከለቀቅኩ ሁለት ወር ሆነኝ» ይላል። ስለ ሌላው ሰው ስንናገርም «እሱ እኮ እዚያ ለቋል» እንላለን፤ አባረውት ይሁን ተጣልቶ ወጥቶ ይሁን ማንም አይጠይቅም። ቅጹ ላይ ግን እነዚህ ሦስት የተለያዩ በሮች ናቸው፦ ሥራ በመጥፋቱ መቀነስ፣ በቀጣሪው ውሳኔ መሰናበት፣ በራስ ፈቃድ መልቀቅ። ስልክ ደውላ ለምትጠይቀው የስቴቱ ሠራተኛም «አይ ሌፍት» ብሎ የመለሰ ሰው ሦስተኛውን በር በገዛ እጁ ከፍቷል።

ምን ይለወጣል ቢባል፣ የማስረዳቱ ሸክም ይዞራል። ቀጣሪው ካሰናበተ ጥፋት መኖሩን ማስረዳት ያለበት ቀጣሪው ነው። ሠራተኛው ከለቀቀ ግን በቂ ምክንያት እንደነበረው ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት የለቀቀ ሰው ሌላ ሥራ ይዞ የሳምንት ክፍያውን 15 እጥፍ እስኪያገኝ ድረስ ይዘጋበታል፤ ክፍያው 390 ለሆነ ሰው 5,850 ዶላር ማለት ነው። በተራ የሥነ ምግባር ጥፋት የተባረረ ሰው እንኳን የሚታገደው ከ10 እስከ 15 ሳምንት ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚከብድ ስሌቱ ራሱ ይናገራል።

ስለዚህ ሰዓቱ ተቀንሶ ተቀንሶ የሥራ ፈረቃ ፕሮግራም ላይ ስሙ የጠፋበት ሰው «ሥራ በመጥፋቱ ተቀነስኩ» የሚለውን ይምረጥ። «እጁ አልፈጥን አለ»፣ «ሥራው አልገባውም» ተብሎ የተሰናበተ ደግሞ መባረሩን ይናገር፤ አይፈር። ሥራ አለመቻል ጥፋት አይባልም። ጥፋት የሚባለው ደንብ እያወቁ መጣስ፣ ሳይናገሩ ደጋግሞ መቅረት፣ ሰክሮ መምጣትና የመሳሰለው ነው። በተለይ የምናስጠነቅቀው ማናጀሩ ጠርቶ «ከምትባረር ራስህ ልቀቅ፤ ለሪከርድህም ይሻልሃል» ብሎ ወረቀት ሲያቀርብ ነው። ያ ወረቀት ለማን እንደሚሻል ካሁን በኋላ ግልጽ ይመስለናል። አይፈረም። ተፈርሞ ከሆነም ቅጹ ላይ «ወይ ልቀቅ ወይ ትባረራለህ ተብዬ ነው» ብሎ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ መጻፍ ይቻላል፤ እውነቱም እሱ ነው።

በእርግጥም በፈቃዳቸው የወጡ አሉ። ለእነሱም በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። ደመወዝ በወቅቱ አለመከፈል፣ የሰዓት ወይም የክፍያ ከባድ ቅነሳ፣ አደገኛ የሥራ ሁኔታ፣ ትንኮሳ እንደ በቂ ምክንያት ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ከመውጣታቸው በፊት ለአለቃ መናገራቸውን የሚያሳይ የስልክ መልእክት ካለ ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። በጤና ምክንያት የወጣ የሐኪም ወረቀት ያያይዝ። «ትምህርት ልጀምር ነው»፣ «የራሴን ሱቅ ልከፍት ነው» የሚሉት ግን አያስኬዱም።

ሌላው ያበሻ ጣጣ ስም ነው። ወልደ ማርያም የሚባል አባት ያለው ሰው በሶሻል ካርዱ ላይ «ወልደማርያም» ተብሎ አንድ ሆኖ፣ በቀጣሪው መዝገብ «ማርያም» ብቻ ሆኖ፣ በመንጃ ፈቃዱ ደግሞ «ወልደ» የመካከለኛ ስም ሆኖ ይገኛል። ኮምፒዩተሩ ሦስት ሰዎች ያያል። ቅጹ ላይ የሚሞላው ሶሻል ካርዱ ላይ እንዳለው፣ ክፍተቱም ሳይቀር ነው፤ ቀጣሪው በሌላ አጻጻፍ ከመዘገበ «በሌላ ስም ሠርተዋል ወይ?» በሚለው ቦታ ያኛውን መጻፍ። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲዛወር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የተዛባ፣ ወይም ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተሞላ ቀን ብዙ ነው፤ ትክክለኛው የቱ ነው ብሎ መከራከሪያው ጊዜ ይህ አይደለም፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር የሚገጥመው ይሞላ። የማንነት ማረጋገጫ ከተጠየቀ የሰነዱ አራቱም ማዕዘን የሚታይበት፣ ብልጭታ ያላረፈበት ፎቶ ይላክ።

የወርክ ፐርሚት ባለቤቶች ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ደመወዙ ሲገኝ የመሥራት ፈቃድ መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ ክፍያ በሚጠየቅባት በእያንዳንዷ ሳምንትም ፈቃዱ የጸና መሆን አለበት። ከኦክቶበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ በገቡ የእድሳት ማመልከቻዎች ላይ የቀድሞው የራስ በራስ ማራዘሚያ ለአብዛኛው ሰው ቀርቷል፤ ካርዱ ካለቀ አዲሱ እስኪመጣ ያሉት ሳምንታት ሳይከፈሉ ሊታለፉ ይችላሉ።

ከማመልከቻው በኋላ የሚመጣው የደመወዝ ስሌት ወረቀት ብዙዎች «ጸደቀልኝ» ብለው የሚደሰቱበት ነው። አልጸደቀም። ወረቀቱ የሚናገረው ቢፈቀድ ስንት እንደሚሆን ብቻ ነው። በጥንቃቄ መታየት ያለበት የቀጣሪዎቹ ስምና በየሩብ ዓመቱ የተመዘገበው ደመወዝ ነው። በእጅ ጥሬ ገንዘብ ይከፍል የነበረ ሬስቶራንት፣ ወይም ቲፕን ያላስመዘገበ፣ እዚህ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ያን ጊዜ ቼክ ስተብ፣ ደብልዩ-2፣ የባንክ መዝገብ፣ ሌላው ቢጠፋ የፕሮግራም ፎቶና የስልክ መልእክት አያይዞ ደመወዙ እንዲጣራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሠራተኛ ሆኖ ሳለ 1099 (በግሉ የሚሠራ ሰው የሚሰጠው የግብር ቅጽ) የተሰጠውም እንዲሁ፤ ሰዓቱን የሚወስነው፣ ዋጋውን የሚተምነው፣ ዩኒፎርሙን የሚያለብሰው ቀጣሪው ከሆነ ወረቀቱ 1099 ስላለ ብቻ ጉዳዩ አያልቅም። የኡበርና የሊፍት ሹፌሮች ግን በወረርሽኙ ጊዜ ያገኙት ልዩ ፕሮግራም በሴፕቴምበር 2021 አብቅቷል። «ያኔ ሰጥተውኝ ነበር» ብሎ በዚያው መንገድ መግባት አይሠራም።

ከዚህ ወዲያ ሳምንታዊው ማረጋገጫ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ቢከን በሚባለው ፖርታል ይሞላል። ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ነው፤ ማረጋገጫው ሳምንቱ ካለቀ በ14 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። እዚህም ቃል ያሰናክላል። «በዚህ ሳምንት ስንት አገኙ?» ሲል የሚጠይቀው በዚያ ሳምንት የተሠራበትን ነው፤ ቼኩ መቼም ይምጣ። ደግሞም ግብር ሳይቆረጥ። የሳምንት ክፍያው 390 የሆነ ሰው ሐሙስና ዓርብ በድምሩ 10 ሰዓት በ18 ዶላር ሠራ እንበል። 180 ብሎ ይሞላል፤ ስቴቱ 50ውን ይተውለትና 130 ይቀንሳል፤ 260 ይከፈለዋል። ቼኩ ሲመጣ እሞላለሁ ብሎ ዜሮ የጻፈ ግን፣ ስቴቱ ከቀጣሪው ሪፖርት ጋር ባስተያየ ጊዜ ውሸት ተናጋሪ ሆኖ ይገኛል። ማጭበርበር ከተባለ ሜሪላንድ ገንዘቡን ከ15 በመቶ ቅጣትና በወር 1.5 በመቶ ወለድ ጋር ያስመልሳል፣ ለአንድ ዓመትም ያግዳል።

«ለመሥራት ዝግጁ ነበሩ ወይ?» የሚለውን «በሳምንቱ ሥራ ነበረዎት ወይ?» ብለው እየተረዱ «አይ» የሚሉ አሉ፤ በአንዲት «አይ» የሳምንቱ ክፍያ ይቆማል። ሥራ ፍለጋው ደግሞ በወሬ አይቆጠርም። በሜሪላንድ በየሳምንቱ ቢያንስ ሦስት እንቅስቃሴ፣ ከእነሱ ቢያንስ አንዱ ለቀጣሪ የቀረበ ጥያቄ ሆኖ፣ ሜሪላንድ ወርክፎርስ ኤክስቼንጅ በተባለው የስቴቱ ድረ ገጽ መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ቀን፣ የድርጅቱ ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ በምን መንገድ እንደተጠየቀና ምን እንደተባለ። «ማኅበር ላይ ሰው ጠየቅኩ» የሚል መዝገብ አይረባም፤ ማኅበርተኛው ቀጣሪ ካልሆነ በቀር።

ስለ አገር ቤት ጉዞ ሳናነሳ ብናልፍ ደብዳቤው ጎዶሎ ይሆናል። ሥራ የጠፋበት ሰው «እግረ መንገዴን እናቴን ልይ» ማለቱ የሚፈረድበት አይደለም። ይሂድ። ነገር ግን አዲስ አበባ ሆኖ ሜሪላንድ ውስጥ ነገ ሥራ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ ማለት አይቻልም፤ የእነዚያ ሳምንታት ክፍያ አይጠየቅም። ከውጭ አገር የሚገባ ኢንተርኔት ይታወቃል። የአጎት ልጅ እዚህ ሆኖ እንዲሞላ ቁጥሩን መስጠትም ያው ማጭበርበር ነው፣ ለዚያውም ሁለት ሰው የሚያስጠይቅ። ሲመለሱ ማመልከቻውን ማስቀጠል ነው።

ግብሩን ባጭሩ፦ ክፍያው በፌዴራል ግብር ይታያል። ከመጀመሪያው 10 በመቶ እንዲቆረጥ መምረጥ ይቻላል፤ ያልመረጠ ሰው ጃንዋሪ ላይ የተከፈለውን የሚያሳየው የግብር ቅጽ 1099-ጂ ሲመጣለት ይደነግጣል። ሜሪላንድና ዲሲ በስቴት ግብርም ያስገቡታል፤ ቨርጂኒያ አያስገባውም።

ክልከላ ሲመጣስ? ውሳኔው ፖርታሉ ውስጥ ባለው የመልእክት ሳጥን ይመጣል፤ ኢሜይል ብቻ የሚያይ ሰው ቀኑን ያሳልፋል። ይግባኝ ለማለት በሜሪላንድም በዲሲም 15 ቀን፣ በቨርጂኒያ 30 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ከተነበበበት ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ካለው ቀን ነው። ይግባኙን ለመክፈት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «በዚህ ቀን የተሰጠውን ውሳኔ አልቀበልም፣ እንዲሰማልኝ እጠይቃለሁ» በቂ ነው። ሳምንታዊው ማረጋገጫ ግን አይቋረጥ። ይግባኙን የረታ ሰው የሚከፈለው ማረጋገጫ ላስገባባቸው ሳምንታት ብቻ ነው፤ «ከልክለውኛል፣ ምን አደከመኝ» ብሎ የተወ ሰው ረትቶም ባዶ እጁን ይወጣል።

ችሎቱ አብዛኛውን ጊዜ በስልክ ነው። ሁሉም ማስረጃና ምስክር እዚያው፣ በመጀመሪያው ችሎት ይቅረብ፤ ከዚያ በላይ ያለው የይግባኝ ቦርድ ባብዛኛው የሚያየው የተቀዳውን መዝገብ ነው። ሰነዶቹ ከችሎቱ ቀን በፊት ለችሎቱም ለቀጣሪውም መድረስ አለባቸው። በአይን ያየ የሥራ ባልደረባ «ሰምቻለሁ» ከሚሉ ሦስት ዘመዶች ይበልጣል።

አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣል፤ ይግባኙ ሲገባ «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ነው። በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ መጠየቅ ልመና አይደለም። የ12 ዓመት ልጅን አጠገብ አስቀምጦ ማስተርጎም ግን ለልጁም ለጉዳዩም አይበጅም። መሐላው ተፈጽሞ ዳኛው «ከሥራ እንዴት ተለያዩ?» ሲሉ፣ አስተርጓሚው የሚያዞረው የሰማውን ቃል ነው። «ለቀቅኩ» ከተባለ በራስ ፈቃድ መልቀቅ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ በአማርኛም ቢሆን መልሱ አስቀድሞ ይዘጋጅ፦ «ማርች 3 ቀን ማናጀሩ ጠርቶኝ ከነገ ጀምሮ አትምጣ አለኝ።» ቀን፣ ሰው፣ የተባለው ቃል። ከዚያ የዳኛውን ቀጣይ ጥያቄ መጠበቅ።

ከአክብሮት ጋር
ቅጽ በመሙላት በነጻ የምናግዝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ